የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ታሪክ ከየት ይጀምራል?

ጥያቄ
ጠያቂ፦ የማራኪ መምህር (ጎንደር)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

እዚህ ጎንደር በማስተምርበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት ክፍል ለንባብ ተለቅቃልናለች። ከመደርደሪያዎቿ አንዱን ለየት አድርገን፣ በአገራችን ለልጆች የታተሙ መጻሕፍት ከመነሻው እስከ ዛሬ ያለፉበትን መንገድ ተማሪው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁም ነክቶ እንዲረዳው ለማድረግ ከባልደረቦቼ ጋር ተስማምተናል። ያልተስማማነው በመጀመሪያው ቦታ ላይ ምን ይቀመጥ በሚለው ነው።

አንደኛው ወገን «የፊደል ገበታ ይቅደም፤ ኢትዮጵያዊ ልጅ ከዚያ በፊት በእጁ የያዘው ጽሑፍ የለም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ገበታው ማስተማሪያ እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም፤ የልጆች መጽሐፍ የሚባለው ልጅ ደስ ብሎት እንዲያነበው ታስቦ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለው፣ ታሪክ የሚነግር መጽሐፍ ነውና መደርደሪያው ከቅርብ ጊዜ ሥራዎች ይጀምር በማለት ይከራከራል። እኔን ሁለቱም አላረኩኝም። የመጀመሪያውን ከተቀበልን የምናሳየው የንባብ ትምህርትን ታሪክ ይሆናል። ሁለተኛውን ከተቀበልን ደግሞ ለተማሪዎቻችን «ከወላጆቻችሁ ዘመን በፊት ለልጅ የሚሆን ነገር አልነበረም» ማለታችን ነው፤ ይህ ደግሞ ማታ ማታ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያለ ባደገ ሕዝብ ፊት የሚያስኬድ አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ምክንያቱ ነው። ይህች ከተማ ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የጸሐፊም የሠዓሊም ድኻ አልነበረችም። በጎንደር ዘመን የተሣሉ የተአምረ ማርያም መጻሕፍትን ያየ ሰው፣ ታሪክን በሥዕል መናገር ለአባቶቻችን እንግዳ ሙያ እንዳልነበረ ያውቃል። በየደብሩ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ነበር፤ ተረቱም በየቤቱ ነበር። ጸሐፊው፣ ሠዓሊው፣ አንባቢው ሕፃንና ተረቱ በአንድ ከተማ ውስጥ እያሉ በአንድ መጽሐፍ ላይ ሳይገናኙ የቀሩት ለምንድን ነው? ማተሚያ ስለዘገየ ብቻ ነውን? ማተሚያውስ ከመጣ በኋላ ለምን ይህን ያህል ቆየ? ዛሬም ፒያሳ ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ቆም ያለ ሰው ለፈተና መዘጋጃ የሚሆኑ አጋዥ መጻሕፍትን ተቆልለው ሲያገኝ፣ የስድስት ዓመት ልጅ የሚያነበውን ግን ከሥር ፈልፍሎ ማውጣት አለበት።

በሌላው ዓለም ይህ ታሪክ ከየት እንደሚቆጠር፣ በእኛ አገርም የትኞቹ ኅትመቶች በመደርደሪያው ላይ መካተት እንዳለባቸው የምታውቁ ብታብራሩልን ምስጋናችን ላቅ ያለ ነው።

መልስ 1
ከ፦ የመጻሕፍት ወዳጅ

መምህር፣ የእናንተን ክርክር ሌሎችም ተከራክረውበታል፤ እንዴት እንደፈቱት ማየቱ የሚጠቅም ይመስለኛል።

በእንግሊዝ አገር የልጆች መጽሐፍ ታሪክ በተለምዶ የሚቆጠረው ጆን ኒውበሪ የተባለ የለንደን መጽሐፍ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1744 ካሳተማት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ነው። ከዚያ በፊት የእንግሊዝ ልጅ አያነብም ነበር ማለት ግን አይደለም። ለብዙ ትውልዶች ሲማርበት የኖረው እጀታ ያላት ትንሽ ሳንቃ ነበረች፤ ፊደሉና አቡነ ዘበሰማያት የሰፈሩበት ወረቀት በሳንቃዋ ላይ ይለጠፍና፣ በጣት ብዛት እንዳያድፍ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ በሳሳ ቀንድ ይሸፈናል። ከእኛ የፊደል ገበታ ጋር ያላትን ዝምድና ማስረዳት አያስፈልግም። ኮሜንየስ የተባለው የሞራቪያ መምህርም እ.ኤ.አ. በ1658 ኑረምበርግ ላይ ዓለምን በሥዕል የሚያስተዋውቅ የላቲንና የጀርመንኛ መማሪያ አሳትሟል፤ ያኔ ጎንደር ላይ በዙፋን የነበሩት ዐፄ ፋሲል ናቸው።

ታዲያ ሳንቃዋም የኮሜንየስ መጽሐፍም ቀድመው ሳለ ኒውበሪ ለምን መነሻ ተባለ? የእሱ መጽሐፍ በ6 ፔንስ ይሸጥ ነበር፤ 2 ፔንስ ለጨመረ ገዢ ደግሞ ለወንድ ልጁ ኳስ፣ ለሴት ልጁ የስፒል መሰኪያ ትራስ አብሮ ይሰጠው ነበር። ወላጅ ልጁን ለማስደሰት ብሎ ከኪሱ ገንዘብ እንደሚያወጣ፣ ይህም ዘላቂ ንግድ ሊሆን እንደሚችል በተግባር ያሳየ እሱ ነው። (ይኸው ሰው የትኩሳት መድኃኒት ነጋዴም ስለነበር ዱቄቱን በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር ያስተዋውቅ ነበር፤ እንደ ጻድቅ አንቁጠረው።)

ስለዚህ «የመጀመሪያው የቱ ነው?» ከማለት «ማን ከፈለ? ከፍሎስ ምን እንዲሆንለት ፈለገ?» ብሎ መጠየቅ መደርደሪያችሁን የበለጠ የሚያናግረው ይመስለኛል። በዚህ ጥያቄ የእኛን ታሪክ እንመልከተው።

በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቋንቋውን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 እዚያው አሳተመው። ልጆቻችን ንባብ የሚያስመሰክሩበት መጽሐፍ ከሁሉ ቀድሞ ታተመ፤ የታተመው ግን ለአውሮፓ ሊቃውንት ነበር። ከዚያ ሦስት መቶ ዓመታት አልፈው፣ አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቀው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ላይ ወደ አማርኛ የመለሰውን ወንጌል የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር አሳተመው፤ ሚሲዮናዊው ሳሙኤል ጎባትም እ.ኤ.አ. በ1830 ጎንደር ድረስ ይዞት መጣ። ባልደረባው ካርል ኢዘንበርግ ደግሞ ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1841 እና በ1842 ለንደን ላይ የፊደል መማሪያ፣ የጂኦግራፊና የታሪክ መጻሕፍት በአማርኛ አሳተመ። ከፋዩ የሚሲዮን ማኅበር ነው፤ የሚፈለገውም ልጁ አንባቢ ሆኖ ወደ ወንጌሉ እንዲደርስ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ከምጽዋ አጠገብ በሞንኩሎ የስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ የወጣው ነው። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1894 በግእዝ ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ ንባብ መማሪያ አሳተሙ። አስቴር በልጅነቷ ከባርነት የተረፈች ሴት ስትሆን፣ በትውስታዋ የነበሩትን የሕዝብ ተረቶች፣ ዘፈኖችና ምሳሌዎች ጽፋ ለመጽሐፉ ሰጠች። ዓላማው ማንበብ ማስተማር ቢሆንም፣ በገጾቹ ላይ ያለው እናት ለልጇ የምትነግረው ነገር ነው። አማርኛ አይደለም ብላችሁ እንዳትተዉት አደራ እላለሁ፤ ተረት ከአፍ ወደ ማተሚያ እንዴት እንደተሻገረ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም። የበጌምድሩ ሰው አለቃ ታየም በዚያው በሞንኩሎ ተምረው፣ የሰዋስው መጽሐፋቸውን እዚያው እንዳሳተሙ ለጎንደር ተማሪ መንገር ይገባል።

የአዲስ አበባውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራው በአብዛኛው የመንግሥትና የሃይማኖት ጽሑፍ ነበር። ተስፋ ገብረ ሥላሴ የፊደል ገበታንና የንባብ መለማመጃዎችን በርካሽ እያሳተሙ በየገበያው እንዲሸጡ ማድረጋቸው ግን ተራ ነገር አይደለም፤ በእኔ አስተያየት ከኒውበሪ ንግድ ጋር የሚቀራረበው የእሳቸው ነው፤ ወላጅ ሳንቲም ከፍሎ ለልጁ ይገዛልና። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» መጣ። አጫጭር ምሳሌዎችን በግጥም ያቀረበ ሲሆን፣ «አዝማሪና የውሀ ሙላት»ን በቃሉ የማይል የዚያ ዘመን ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። ያም ቢሆን በብዛት የተነበበው በትምህርት ቤት በኩል ነው።

መልስ 2
ከ፦ የቆሎ ተማሪ

እህቴም ወንድሜም የጻፋችሁት መልካም ነው። አንድ ነገር ብቻ ላክል፤ የፊደል ገበታን «ማስተማሪያ ብቻ» ብሎ የሚያሳንሰው ወገን የቄስ ትምህርት ቤትን ከውጭ የተመለከተው ይመስለኛል።

ልጁ ስንደዶ ይዞ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ ይቆጥራል፤ ሀሁን ሲጨርስ አቡጊዳን፣ ቀጥሎ ሐዋርያን፣ ማለትም የዮሐንስን መልእክት፣ ከዚያ ወንጌልን ብሎ ዳዊት ይደርሳል። በእያንዳንዱ ላይ መጀመሪያ ፊደሉን ለያይቶ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ እያዜመ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ይለዋል። ውርድ ንባቡ ዜማ ነው። ልጅ የሚወድደው እሱን ነው፤ ትርጉሙን ሳያውቅ እንኳ ድምፁን ይወድደዋል። ዳዊት የደገመ ልጅ ቤተሰቡ ይደግስለት እንደነበር ደግሞ ታውቃላችሁ። ደስታው በመጽሐፉ ውስጥ አልተጻፈም እንጂ በዙሪያው ነበረ።

መምህር የጠየቁትን «ለምን አልተገናኙም» የሚለውን በተመለከተ፣ ብራናን ማሰብ ይጠቅማል። አንድ ዳዊት ለመጻፍ የብዙ ፍየሎች ቆዳ ይፋቃል፤ ጸሐፊው ወራት ይቀመጥበታል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በልጅ እጅ ተበጣጥሶ እንዲያልቅ አድርጎ የሚያስጽፍ ሰው የለም። ለሕፃኑ የሚደርሰው ከብራናው የተረፈው ቁራጭ ነው፤ ፊደሉም በዚያ ይጻፍለታል። ሥዕሉን ግን ያይ ነበር፤ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያና ግድግዳ ላይ ያለው ሁሉ ለሕፃኑም ክፍት ነው። ተረቱን ማንም አልጻፈውም፤ ምክንያቱም መጻፍ አላስፈለገውም። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች ጎንደር በዓታ ካሉ ተማሪዎች አፍ ተነሥተው አገር ያዳረሱት ያለ ወረቀት ነው፤ በትናንሽ ጥራዝ እየታተሙ የሚሸጡት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እነሱንም ከመደርደሪያችሁ ላይ ብታኖሩ፣ ለልጅ የማይሆነውን ለይታችሁ፣ የሚነበቡት እነሱ ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ።

መልስ 3
ከ፦ የሰባዎቹ አንባቢ

በመልስ 1 የተዘለለውን የደርግ ዘመን ልሙላ፤ ለእኔ ትውልድ የልጆች መጽሐፍ ማለት እሱ ነበርና።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ ማንበብ የለመደው ሕዝብ የሚያነበው ያስፈልግ ነበር። የመንግሥት የሆነው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትም ለልጆች የሚሆኑ መጻሕፍትን ያወጣ ነበር። ከዚያ ጎን ለጎን ሞስኮ የሚገኙት ፕሮግሬስና በኋላም ራዱጋ ማተሚያ ቤቶች የሩሲያ ተረቶችን በአማርኛ አሳትመው ይልኩልን ነበር። ወረቀቱ ወፍራም፣ ሥዕሉ ባለቀለም፣ ዋጋው ደግሞ ከአንድ ደብተር ብዙም የማይርቅ ነበር፤ ምክንያቱም ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ መንግሥት ነው። በበረዶ መካከል የሚሄደውን ድብ ከደጋው ጅብ ይበልጥ በሥዕል አውቀው ያደጉ ልጆች ነበርን ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ መጻሕፍቱ በአንድ ጊዜ ደረቁ፤ ቦታቸውን የሚይዝ የአገር ውስጥ ሥራ ግን አልተዘጋጀም ነበር።

ተረትን በተመለከተ በዚያ ዘመን ከመጽሐፍ ይልቅ የበረታው ቴሌቪዥን ነው። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል «ልጆች» እያሉ ተረት ሲነግሩ ኖረዋል፤ ተረቱ ከምድጃ ዳር ወደ ስቱዲዮ ተዛወረ እንጂ ከአፍ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ከፋይ ለጋሽ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ለአገራቸው ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ በማጣታቸው የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ባለቀለም ሥዕል አድርገው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ፤ በቀጣዩ ዓመትም አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚያ በፊት እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤልሳቤጥ ሌርድ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር በየክልሉ እየዞረች የሕዝብ ተረቶችን ሰብስባለች፤ የታተሙት ግን በቀላል እንግሊዝኛ ነው። እነዚህን ሥራዎች አከብራለሁ። ይሁንና ሚሲዮን፣ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ሞስኮ፣ ለጋሽ እያልን ስንቆጥር ወላጁ በየትኛውም ዘመን ዋናው ገዢ አልነበረም፤ መደርደሪያችሁ ይህንን ቢያሳይ ይበቃዋል።

መልስ 4
ከ፦ ሉህና ቀለም (አዲስ አበባ)

የጎንደር ልጅ ነኝ፤ አሁን ማተሚያ ቤት እሠራለሁ። ወላጁ ለምን ገዢ እንዳልሆነ ከሙያዬ አንጻር ላስረዳ።

አንድ ትልቅ ወረቀት 70 በ100 ሳንቲ ሜትር ነው። 17 በ24 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ገጾችን ብንደረድርበት በአንድ ፊቱ 16፣ በጀርባውም 16 ይይዛል፤ ታጥፎ፣ ተቆርጦና ወገቡ ላይ በሽቦ ተሰፍቶ ባለ 32 ገጽ መጽሐፍ ይወጣዋል። በዓለም ዙሪያ የሥዕል መጻሕፍት በብዛት 32 ገጽ የሚሆኑት ወረቀት እንዲህ በስምንትና በዐሥራ ስድስት ስለሚታጠፍ ነው። ባለቀለም ከሆነ ለእያንዳንዱ ፊት ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር አራት ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ያስፈልጋል፤ ለሁለቱ ፊት 8 ማለት ነው። የፕሌቱ፣ የሠዓሊውና የማሽን ዝግጅቱ ዋጋ 500 ቅጂ ብታሳትሙም 10,000 ብታሳትሙም ያው ነው። በ500 ሲካፈል ወላጅ አይቀምሰውም፤ በ10,000 ሲካፈል ይቀመሳል፣ ነገር ግን 10,000 ቅጂ አሳትሞ በየከተማው የሚያከፋፍልለትና ገንዘቡን የሚመልስለት ያለው አሳታሚ ጥቂት ነው። ወረቀቱ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ የምንዛሪው ጣጣም አለ።

አጋዥ መጽሐፍ ለምን ፒያሳን እንደሞላው በዚሁ ይገባችኋል። በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተማል፤ ገዢው ደግሞ ፈተናው ያስገድደዋል። መማሪያ መጽሐፍም ገና ሳይታተም በጨረታ ተሽጧል። የተረት መጽሐፍ ግን ዋስትና የለውም። በሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት የሚሞላው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ሁለት ቅጂ ቢገዛ አሳታሚው ወጪውን ይሸፍናል።

አንድ መፍትሔ ግን በእጃችን አለ፤ ብዙ ጊዜ ባለመጠቀማችን እበሳጫለሁ። ጽሑፉ በሙሉ በጥቁር ብቻ ከተዘጋጀና በሥዕሉ ላይ በነጭ ፊደል ካልወጣ፣ ሦስቱ የቀለም ፕሌቶች ሳይነኩ ጥቁሯን ብቻ ቀይሮ ያንኑ መጽሐፍ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ማተም ይቻላል። የውጭ አሳታሚዎች አንድን መጽሐፍ ለብዙ አገሮች በአንድ ላይ የሚያትሙት በዚህ መንገድ ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ በሚሰጥበት አገር ይህ ዘዴ የተለመደ መሆን ነበረበት።

የጠያቂው ምላሽ
ከ፦ የማራኪ መምህር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከባልደረቦቼ ጋር ተነጋግረን መደርደሪያውን በዘመን ከመደርደር ይልቅ በከፋዩ ለመክፈል ወስነናል፤ የደብሩ፣ የሚሲዮኑ፣ የመንግሥቱ፣ የወዳጅ አገሩ፣ የለጋሹና የወላጁ ክፍል ይኖራል። የፊደል ገበታው በሁለት ቦታ ይገባል፤ አንዴ በደብሩ፣ አንዴ ደግሞ ወላጅ ከገበያ በሚገዛው ክፍል። ይህኛው ክፍል ባዶ ሊሆን ስለተቃረበ፣ ተማሪዎቹ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተረት ጽፈውና ሥለው በፎቶ ኮፒ የምናባዛውን ጥራዝ ብንጨምርበትና በወላጆች ቀን በትንሽ ዋጋ ብንሸጠው ብለናል። ወንድማችን ሉህና ቀለም፣ በኤ4 ወረቀት ስንሠራው ልንጠነቀቅለት የሚገባ ነገር ካለ ቢጠቁሙን።

መልስ 5
ከ፦ ሉህና ቀለም

መምህር፣ ኤ4ን ለሁለት ካጠፋችሁት አንዱ ወረቀት አራት ገጽ ይሰጣል፤ ስለዚህ የገጹ ብዛት በአራት የሚካፈል ይሁን፤ 16 ገጽ ለአንድ ተረት ይበቃል። ሥዕሉ በጥቁር ቀለም መስመር ይሣል፤ በእርሳስ የተጠቆረው በፎቶ ኮፒ ይድበሰበሳል። ፊደሉን ከመማሪያ መጽሐፋቸው ከፍ አድርጉት፤ ኮ እና ከ፣ ጸ እና ጿ በትንሽ ፊደል ለጀማሪ ዓይን ይምታታሉና። ቃልን በመስመር መጨረሻ አትቁረጡ፤ በብራናም በጋዜጣም የተለመደ ቢሆንም፣ ገና ፊደል ለሚያያይዝ ልጅ ግማሹን ቃል እዚህ ግማሹን እዚያ ማግኘት ንባቡን ያቋርጥበታል። የጻፈውና የሣለው ተማሪ ስም ደግሞ በውስጥ ሳይሆን በሽፋኑ ላይ ይውጣ፤ ያኔ ቢያንስ የዚያ ልጅ ወላጅ ሳይገዛ አይሄድም።